የሩዝ መፈልፈያው ጉብታ

ሰው ፊት ቆሜ "ተሳስቻለሁ" ያልኩበትን የመጀመሪያ ቀን ልንገራችሁ። እሑድ ነበር፤ ወሩ ግንቦት፣ ፀሐዩም አናት የሚበሳ። ከዚያ ቀን በፊት አልሳሳትም ነበር እንዳልላችሁ እፈራለሁ፤ በየቀኑ እሳሳት ነበር። ማመኑን ነው የማላውቅበት።

ያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመቴ ነው። ስሜ ሰናይት፣ ትውልዴ ደብረ ታቦር፣ ሙያዬ ምሕንድስና። ትምህርቴን በጥሩ ውጤት ጨርሼ፣ ውጤቴንም ማንም ሳይጠይቀኝ ለሁሉ እየነገርኩ፣ ወረታ ማዘጋጃ ቤት ገባሁ። የተመደብኩት የመንገድና የቦይ ፕላን የሚያወጣው ክፍል ውስጥ ነው። ክፍል ስል ብዙ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ እኔና አለቃዬ አቶ ደረጀ ብቻ ነን። ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተርና አልዘጋ ያለ አንድ መስኮት ነበረን።

ወረታን አልወደድኳትም ነበር ብል የከተማው ሰው ሊቀየመኝ ይችላል፤ እውነቱ ግን እሱ ነው። የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ናት። መገንጠያው ላይ መኪና ይቆማል፣ ሰው ይወርዳል፣ ሰው ይሳፈራል፣ መኪናው ይሄዳል። እኔም ራሴን ከተሳፋሪዎቹ ቆጥሬ ነበር። ባሕር ዳር ለመዛወር ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ የቀረኝ አንድ ፕላን አጸድቄ "ይህን ሠርታለች" የሚል ወረቀት መያዝ ብቻ ነበር።

የከተማ መንገድ እንዴት እንደሚጠገን ለማታውቁ በአጭሩ ላስረዳ። በጋ ላይ እያንዳንዱ ሰፈር አቤቱታውን ያመጣል፤ መንገዳችን ተቦረቦረ፣ ቦያችን ተደፈነ፣ መሻገሪያችን ወደቀ ይላል። እኛ ከዚያ ውስጥ የባሰበትን እንመርጣለን፣ ሄደን እንለካለን፣ እንሥላለን። ከዚያ ነዋሪው ተሰብስቦ ይወያይበታል፣ በመጨረሻም የከተማው ምክር ቤት ያጸድቀዋል። ችግሩ፣ ሁሉም ሰፈር የባሰበት እሱ መሆኑ ነው። በዚያ ዓመት ክረምት ሳይገባ ለመሥራት አቅም የነበረን ለአንድ ቦይ ብቻ ነበር፤ እሱም ለታች ሰፈር ሆነ።

ታች ሰፈር ማለት ከአስፋልቱ ተነሥቶ ወደ ፎገራ ሜዳ የሚወርደው መንገድ ግራና ቀኝ ያለው ነው። የሩዝ መፈልፈያዎቹ ያሉት እዚያ ነው። ቀኑን ሙሉ ሞተር ይጮኻል፣ ጋሪ ይራገፋል፣ ሰው ሁሉ ቅንድቡ ላይ ብናኝ ይዞ ይውላል። ክረምት ሲገባ ከላይ ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ በአስፋልቱ ሥር በቱቦ ያልፍና በዚህ መንገድ ይለቀቃል። መሬቱ ዋልካ ስለሆነ ውሃውን አይመጠውም። ስለዚህ ጎርፉ ሳይጋበዝ ሰው ቤት ይገባል።

ሐሙስ ጠዋት መሣሪያዬን ይዤ ወረድኩ። ያ በሦስት እግሩ የሚቆመው፣ በመነጽሩ እያዩ የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ የሚለኩበት ነው። ያን መሣሪያ ከሰው አስበልጬ ነበር የምወደው። ማንም ሰው ሲጠጋው እቆጣለሁ፣ አቧራ ሲነካው በነጠላዬ ጫፍ እጠርገዋለሁ።

ሥራው ቀላል መሰለኝ። መንገዱ ከአስፋልቱ ቁልቁል ይወርድና መፈልፈያዎቹ ጋ ሲደርስ መሬቱ መልሶ ከፍ ይላል። ትልቅ ነገር አይደለም፤ ጉብታ ቢጤ ናት፤ ጋሪና እግር የደለደላት፣ ላይዋ በአቧራ የተሸፈነ። ከጉብታዋ ባሻገር ጥቂት ቤቶች አሉ፣ ከዚያ ሜዳው ነው። ውሃ ሽቅብ አይወጣምና ቦዩን ጉብታዋ ሥር ወደ ግራ አጠፍኩት፤ በጠባቡ የጀርባ መንገድ አድርጌ ሜዳ ላይ አወጣሁት። ችካል ተከልኩ፣ ቁጥር ጻፍኩ፣ በራሴ ተደሰትኩ።

ከጉብታዋ ባሻገር ካሉት ቤቶች የመጀመሪያው የእትዬ የሺ ነው። እትዬ የሺ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ስድሳውን ያለፉ፣ ወገባቸው ቀጥ ያለ ሴት ናቸው። በር ላይ ተቀምጠው ሥራዬን ሲያዩ አረፈዱና በመጨረሻ ተነሥተው መጡ።

"ልጀ፣ ዘንድሮስ ደርቄ እከርም ይሆን?" አሉኝ።

በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ውሃው አልጋቸው ሥር እንደሚገባ፣ የዓመት ቀለባቸውንም ሰኔ ሳያልቅ በመኪና ጭነው አንበሳሜ ከተማ እኅታቸው ዘንድ እንደሚያስቀምጡ፣ በየጊዜውም ጥቂት ጥቂት እያስመጡ እንደሚበሉ ነገሩኝ። አንድ ዓመት ሳይጭኑ ቀርተው ሁለት ጆንያ ሩዝ ቤት ውስጥ በቅሎባቸዋል። ሲያወሩት እየሳቁ ነው፤ እኔ ግን አንጀቴን በላኝ።

"እትዬ፣ ዘንድሮ ውሃ ደጅዎን አይረግጥም" አልኳቸው።

"ማይልኛ።"

"መሐላ አያስፈልገውም። ለክቸዋለሁ።"

እትዬ የሺ ገቡና ለመጫን ከግድግዳው አጠገብ ደርድረዋቸው የነበሩትን ጆንያዎች አንድ በአንድ እየጎተቱ ወደ ቦታቸው መለሷቸው። ገብቼ አገዝኳቸው። በኩራት ነው ያገዝኳቸው፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

ቅዳሜ ሥዕሉን ጨርሼ ለአቶ ደረጀ አሳየሁት። አቶ ደረጀ ከእኔ በፊት ብዙ መሐንዲስ መጥቶ ሲሄድ ያዩ፣ በምንም የማይደነግጡ ሰው ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነዋሪው ይወያያል፣ ሰኞ ጠዋት ምክር ቤቱ ያያል አሉኝ። ሰኞ ካለፈ የሚቀጥለው ስብሰባ ሰኔ አጋማሽ ላይ ስለሆነ ቦዩ ለዚያ ክረምት እንደማይደርስ ሁለታችንም እናውቃለን።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ስለመጣ ነጠላና ጋቢ እንደለበሰ ነው። ሥዕሌን ግድግዳው ላይ ሰቅዬ ከፊቱ ቆምኩ። አቶ ደረጀ መድረኩን ከፈቱ፤ ከተከፈተ በኋላ ግን መዝጋቱ ነው ያቃታቸው። የላይ ሰፈር ሰዎች ለምን እኛ አልተመረጥንም አሉ። የታች ሰፈር ሰዎች እናንተ ከፍታ ላይ ተቀምጣችሁ ምን ጎደላችሁ አሏቸው። አንዱ ተነሥቶ ስለ ሥጋ ቤቶቹ ውሾች ረጅም ንግግር አደረገ። አንዲት ሴት ውሾቹ አጀንዳው ውስጥ የሉም ስትለው፣ እኔም ውስጡ የለሁም፣ ውሾቹ ግን በየቀኑ አሉ ብሎ መለሰላት። ሰዉ ሳቀ።

እንደምንም ወደ ቦዩ ተመለስን። አብራራሁ፤ ጥሩ አድርጌ አብራራሁ። ይህን ጊዜ ከኋላ አንድ ሰው እጃቸውን አነሡ። አያ ሙጨ ይባላሉ። መሬታቸው ከታች ሰፈር ማብቂያ ላይ ነው፤ ሩዝ ያመርታሉ። ብዙ የማይናገሩ፣ ከተናገሩ ግን ሰው ዝም የሚልላቸው ገበሬ ናቸው።

ቦዩ መፈልፈያዎቹ ጋ ሲደርስ ለምን ወደ ግራ እንደታጠፈ ጠየቁኝ። ጉብታዋን በጣቴ አሳየኋቸው፤ ውሃ ሽቅብ እንደማይወጣም ነገርኳቸው፤ ይህንን ለገበሬ! አያ ሙጨ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ልክ ነሽ፣ ሽቅብ አይወጣም። እኔ ግን ዕድሜ ልኬን ውሃው ወደዚያ ወደ ግራ ሲሄድ አይቸ አላውቅም።"

"አያ፣ በመሣሪያ ነው የለካሁት። መሣሪያው አይሳሳትም" አልኩ። ድምፄ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። እሺ፣ ትንሽ አይደለም።

"መሣሪያውን አልነካሁትም ልጀ። እኛ ማሳ ስናስተካክል ግን ውሃ ነው የምንለቅበት። ከፍታውንም ጎድጓዳውንም እሱ ያሳየናል። እስቲ ወርደን እንልቀቅበትና እንየው።"

አዳራሹ ተንጫጫ። ግማሹ ቀልድ መሰለው፣ ግማሹ መነሣት ጀመረ። አቶ ደረጀ ሰዓታቸውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። እኔ ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁና፣ እሺ ያልኩት አያ ሙጨን ለማሳፈር ነው። ሰው ሁሉ እያየ ውሃው በችካሌ በኩል ወደ ግራ ሲታጠፍ፣ ያን ጊዜ ምን እንደሚሉ ለመስማት ጓጓሁ።

ወረታ ውስጥ በግንቦት ውሃ ማሰባሰብ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ቧንቧው በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ከየቤቱ አንድ አንድ ጀሪካን ይምጣ ሲባል የሁሉም ፊት ጠቆረ። የላይ ሰፈር ሴቶች እኛ ላላገኘነው ቦይ ውሃ አናወጣም አሉ። አያ ሙጨ ቀስ ብለው፣ ዘንድሮ የታች ሰፈር ቦይ በትክክል ከተሠራ የሚቀጥለው ዓመት የእናንተ ነው፣ ከተበላሸ ግን በሚቀጥለውም ዓመት ይኸንኑ ስንጠግን እንከርማለን አሏቸው። ሴቶቹ ተያዩ። ከዚያ ቢጫ ጀሪካን መምጣት ጀመረ። ሁለት ባጃጆች ደግሞ በርሜል ጫኑ። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ጀሪካን አንጠልጥለው አስፋልቱ ዳር ተሰለፉ። የሚያልፉት መኪኖች ፍጥነት እየቀነሱ ያዩን ነበር።

ቱቦው አፍ ላይ ሆነን ለቀቅነው። ውሃው መጀመሪያ አቧራውን እያንከባለለ ቆየ፣ ከዚያ መንገዱን አገኘና ወረደ። ሰዉ ሁሉ ግራና ቀኝ ሆኖ ተከተለው። ልጅ፣ አሮጊት፣ ባለ ሱቅ፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ውሃ ይከተላል። እኔ ከፊት ከፊት እሄዳለሁ። ውሃው በሥዕሌ ላይ ባሰመርኩት በዚያው ነበር የሚወርደው። አንድ ሁለቴ ዞር ብዬ አያ ሙጨን አየኋቸው፤ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም።

ጉብታዋ ሥር ደረስን። ችካሌ ወደ ግራ ያመለክታል። ውሃው ጉብታዋን ነካት፣ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ውሃው ወደ ግራም አልሄደ፣ ወደ ቀኝም አልሄደ። ጠፋ።

እየፈሰሰ እየመጣ እዚያች ቦታ ሲደርስ መሬት ይውጠዋል። ሌላ በርሜል አስለቀቅሁ፤ እሱንም ዋጠችው። ዋልካ ውሃ እንዲህ እንደማይጠጣ እዚያ የቆመው ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔ መሣሪያዬን ባልይዝም አእምሮ አለኝና እግሬ ሥር ያለው ነገር ዋልካ እንዳልሆነ ገባኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም።

ጎንበስ ብለን መሬቱን ስናይ ከጉብታዋ ባሻገር የእትዬ የሺ ድምፅ ተሰማ።

"ወዲህ ኑ። ውሃችሁ እኔ ዘንድ መጥቷል።"

ሮጥን። በአጥራቸው ሥር፣ ልክ ጆንያዎቹን ከደረደርንበት ግድግዳ ጀርባ፣ መሬቱ ረጥቦ ውሃ ያመነጫል። የለቀቅነው ውሃ በጉብታዋ ሆድ ውስጥ አልፎ እሳቸው ቤት ሥር ወጥቷል።

አያ ሙጨ ዶማ አስመጡ። ጉብታዋን አንዴ ሲመቷት የላይኛው ደረቅ አፈር እንደ ቂጣ ተነሣ፣ ዶማው እስከ እጀታው ሰመጠ። ሲነቅሉት ይዞት የወጣው አፈር አልነበረም። የሩዝ እብቅ ነበር፤ ያ ሩዙ ሲፈለፈል የሚወጣው ልባሱ። ቢጫ፣ ቀላል፣ የረጠበ እብቅ። ጎረምሶቹ አካፋ አምጥተው እየዛቁ ወረዱ። እስከ ጉልበት እብቅ ነው። እስከ ወገብ እብቅ ነው። ከዚያ በታች የዋልካው ጥቁር አፈርና ጎርፍ የቦረቦረው የድሮ ፈፋ መሄጃ ብቅ አለ፤ ወደ ግራ ሳይሆን ቀጥ ብሎ ወደ ሜዳው የሚወርድ።

እትዬ የሺ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

"ፈፋው! እኔ ሳገባ እኮ እዚህ ፈፋ ነበር።"

ከዚያ ሁሉም አንድ በአንድ ማስታወስ ጀመረ። ክረምት በመጣ ቁጥር እዚያ ቦታ ጭቃው አላስተላልፍ ይላል። መፈልፈያዎቹ ደግሞ እብቃቸውን የሚጥሉበት አጥተው በነፃ ይሰጣሉ። ስለዚህ ሰዉ በየዓመቱ ጆንያ እየሞላ ይደፋበታል፣ ላዩ ላይ ይሄዳል፣ ጋሪ ይደለድለዋል፣ በጋ ላይ አቧራ ይሸፍነዋል። በሚቀጥለው ዓመት ሲሰምጥ ደግሞ ይጨምሩበታል። ዓመት በዓመት ሲደራረብ ፈፋው ጉብታ ሆነ፤ ጉብታ የሆነውን ደግሞ ማንም ፈፋ ነበር ብሎ አያስበውም። እኔም መጥቼ መሣሪያዬን እላዩ ላይ ተከልኩና የሩዝ ልባስ በሚሊ ሜትር ለካሁ። መሣሪያው አልተሳሳተም። እብቁን በትክክል ነው የለካው።

ከሁሉ የገረመኝ፣ ለጭቃው መላ ተብሎ የተደፋው እብቅ ነበር የውሃውን መውጫ ደፍኖ ቤት ያስገባው። ከሁሉ ለጉብታዋ ቅርብ የሆኑት እትዬ የሺ ናቸው፤ በየዓመቱ ከማንም በላይ የደፉትም እሳቸው ናቸው። ይህ ሲገባቸው መሬት ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ።

"ስንት ዓመት ሙሉ ጎርፉን በገዛ ጆንያየ ቤቴ ሳስገባ ኖሬ!"

ሰፈሩ በሙሉ ሳቀ። እኔ ብቻ አልሳቅሁም። በዓይኔ እየለካሁ ነበር። ወደ ግራ ያጠፍኩት መንገድ ከድሮው ፈፋ ወለል ከፍ ያለ ነው። ቦዩ እንደ ሥዕሌ ቢሠራ ጎርፉ በሙሉ ተጠራቅሞ ይመጣል፣ መታጠፊያው ላይ ቦዩን ይተዋል፣ በእብቁ ውስጥ ያልፋል፣ እትዬ የሺ ቤት ይገባል። ከዚያ በፊት ተበታትኖ ይመጣ የነበረውን እኔ ሰብስቤ ልልክላቸው ነበር። ጆንያዎቹም በእኔ ቃል ቤት ውስጥ ናቸው።

አቶ ደረጀ ክንዴን ይዘው ፈንጠር አደረጉኝ። በክፋት አልነበረም፤ እንደ አባት ነው የተናገሩት። ነገ ካልጸደቀ ዘንድሮ ቦይ የለም፤ ስለዚህ ሥዕሉ እንዳለ ይጽደቅ፣ ማስተካከያው ሥራው ሲጀመር ይደረጋል አሉኝ። ደግሞም አዲሷ መሐንዲስ የመጀመሪያ ፕላኗ ተበላሸ ቢባል ለዝውውርሽም አይጠቅምሽም አሉ። ነገሩ አማረኝ። በእውነት አማረኝ፤ አንገቴን ለመነቅነቅም ትንሽ ነው የቀረኝ። ነገር ግን ሥራውን የሚሠሩት ሰዎች የጸደቀውን ወረቀት ይዘው እንደሚመጡ አውቃለሁ። ወረቀቱ ወደ ግራ ካለ ወደ ግራ ይቆፍራሉ።

በተከፈተው በር ጆንያዎቹ ይታዩኛል። ተመልሼ ሰዉ መካከል ቆምኩ።

"ስሙኝ። የሠራሁት ፕላን ስሕተት ነው። እንደዚህ ከተሠራ ውሃው እትዬ የሺ ቤት ይገባል። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።"

የጠበቅሁት ምን እንደሆነ አላውቅም። ፉጨት ሊሆን ይችላል። አያ ሙጨ ዶማቸውን ተደግፈው ፈገግ አሉ።

"አንች የለካሽው እኛ የደፋነውን ነው። ስሕተቱ የጋራ ነው፤ እብቁንም በጋራ እናውጣው።"

በዓለም ላይ ከሰማሁት ሁሉ ደስ ያለኝ ንግግር ይህ ነው። እንባዬ መጣ፤ አቧራ የገባ መስሎ እንዲታይ ዓይኔን አሸሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዩ ሠርግ ይመስላችሁ ነበር። ነጠላው ወገብ ላይ ታሰረ፣ ጋቢው አጥር ላይ ተሰቀለ። ጎረምሶቹ ይዝቃሉ፣ ሴቶቹ በጆንያ ይቀበላሉ፣ ባጃጆቹ ያመላልሳሉ። የላይ ሰፈር ሰዎች ሳይቀሩ ገቡበት፤ የወጣውን እብቅ ለከብት ማደሪያ እንፈልገዋለን ብለው እንደሆነ በኋላ ተረዳሁ፣ ግን ገቡበት። ስለ ውሾቹ የተናገረው ሰውዬ እየዛቀም ስለ ውሾቹ ያወራል። እኔ ጫማዬን አውልቄ ፈፋው ውስጥ ወረድኩ። እያንዳንዷን ነጥብ ከመለካቴ በፊት ዶማ አስመታለሁ፤ ከሥሩ ዋልካ መሆኑን ሳላይ ቁጥር አልጽፍም። አያ ሙጨ ከጎኔ ሆነው ውሃው የት የት እንደሚያስቸግር ይነግሩኛል፣ እኔ ከቢሮ ባስመጣሁት መሣሪያ አረጋግጣለሁ። ሁለታችንም ልክ ሆነን የተገኘንበት ብዛት ለሁለታችንም ኩራት ነበር።

ፀሐይዋ ወደ ጣና በኩል ስታዘቀዝቅ ጨረስን። አዲሱ መንገድ ቀጥ ያለ ነው። ከፊተኛው ያጥራል፣ ድንጋይም ይቀንሳል። አቶ ደረጀ ሥዕሉን አዩና፣ ይሄኛው የከተማ ፕላን ይመስላል አሉኝ። ከእሳቸው አፍ የወጣ ትልቁ ምስጋና ነው።

ሰኞ ጠዋት ጥፍሬ ውስጥ ዋልካ እንዳለ ምክር ቤቱ ፊት ቀረብኩ። አንዱ አባል አስቀድሞ የደረሳቸው ሥዕል ከዚህ ጋር ለምን እንደማይገጥም ጠየቀ። ነገርኩት። ስለ እብቁም፣ ስለ ጀሪካኑም፣ ስለ ራሴም ሳልደብቅ ነገርኩ። ሳቁ፤ ሲስቁ ቆይተው በሙሉ ድምፅ አጸደቁት። ቦዩ ሰኔ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ተጠናቀቀ።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ የወረደው ሐምሌ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ቢሮ ቁጭ ብዬ የቆርቆሮውን ጩኸት ስሰማ ወንበሩ እሾህ ሆነብኝ። ዣንጥላ እንኳ ሳልይዝ ሮጥኩ። ታች ሰፈር ስደርስ ሰዉ ሁሉ በየበረንዳው ቆሞ መንገዱን ያያል። ጎርፉ በቱቦው ተተፋ፣ ቡናማ ሆኖ እያጓራ ወረደ፣ መፈልፈያዎቹ ጋ ደረሰ፣ ቀጥ ብሎ አለፈ። እትዬ የሺ በራቸው ላይ ቆመው በጣታቸው ወደ ውስጥ ጠቆሙኝ። ገብቼ ወለሉን በእጄ ዳሰስኩት። ደረቅ ነው። ጆንያዎቹም ደረቅ ናቸው። አቅፈው ሳሙኝ፤ ውሃ የምንጠባጠበው እኔ ብቻ ነበርኩ።

አያ ሙጨን ማሳቸው ዳር አገኘኋቸው። ውሃው ከቦዩ ወጥቶ ወደ ሩዛቸው ሲገባ እያዩ ፊታቸው በርቷል። ለነገሩ፣ አልኳቸው፣ ያን ቀን ውሃው ወደ ግራ እንደማይሄድ በምን እርግጠኛ ሆኑ?

"ወደ ግራ ቢሄድማ የኔ ሩዝ ምን ሊጠጣ ነው?" አሉኝ።

እኔም እስክንበረከክ ሳቅሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከእኔ የምትሰሙት ትልቅ ፍልስፍና የለም። መሐንዲስ ነኝ፤ አሁንም መሣሪያዬን እወደዋለሁ፣ አሁንም አቧራውን እጠርግለታለሁ። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። የትም ቦታ ለመለካት ስሄድ መጀመሪያ እዚያ የሚኖሩትን ይህ መሬት ድሮ ምን ነበር ብዬ እጠይቃለሁ። ሐሙስ ዕለት እትዬ የሺ በራቸው ላይ ተቀምጠው ግማሽ ቀን አይተውኛል፤ እዚያች ጉብታ ላይ መሣሪያ ስተክል እያዩኝ ነበር። አንድ ጥያቄ ብጠይቃቸው ኖሮ ፈፋውን ይነግሩኝ ነበር። እኔ ግን መልስ እየሰጠኋቸው ስለነበር ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረኝም። እናንተም በየሥራችሁ፣ ሐኪምም ሁኑ መምህር፣ ጸሐፊም ሁኑ አለቃ፣ በር ላይ ተቀምጦ የሚያያችሁ ሰው ካለ እባካችሁ ጠይቁት። የዝውውር ማመልከቻዬን ነሐሴ ላይ ሄጄ ሳብኩት። አቶ ደረጀ ምክንያቱን አልጠየቁኝም፤ መስኮቱን ግን በዚያው ሳምንት አስጠገኑት።

መስከረም ላይ ቢሮ ተቀምጬ ሳለሁ በሩ ተንኳኳ። እትዬ የሺ ናቸው። በዚያ ሁሉ የጎርፍ ዘመን አንድ ቀን ማዘጋጃ ቤት ደጃፍ ረግጠው እንደማያውቁ ነግረውኝ ነበር። ደነገጥኩ፤ ቦዩ የተደረመሰ መሰለኝ። ተነሥቼ ምን ሆነ አልኳቸው።

"ምንም አልሆነ። ውሃው ሄደልኝ" አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። "አሁን ደግሞ ስለ መብራቱ እንነጋገር። ሰፈራችን ሲመሽ ይጨልማል።"

ወረቀት አወጣሁ፣ እስክሪብቶ አነሣሁ፣ የትኛው ቦታ ላይ እንደሚጨልም ይንገሩኝ ልል አፌን ስከፍት እትዬ የሺ ቀድመውኝ ተነሥተው ነበር።

"ወረቀቱን ተይው። ነይ፣ ሂደን እንየው" አሉኝ።

ተከትያቸው ወጣሁ።